የማያነብ ልጅ ላኪልኝ

እኛ ትምህርት ቤት ከመምህር ወደ መምህር ወረቀት የሚያደርሰው የማያነብ ልጅ ነው። ደንቡን ማንም አልጻፈውም፣ በስብሰባም አልጸደቀም፤ ግን ከርዕሰ መምህሩ እስከ ዘበኛው የማያውቀው የለም። የሚያነብ ልጅ ከላክህ መንገድ ላይ ገልጦ ያየዋል። ማን በሥራ ሰዓት ገበያ እንደወረደ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የትኛው መምህር የትኛዋን መምህርት ምሳ እንደጋበዘ በእረፍት ሰዓት ግቢው በሙሉ ያወራዋል። የማያነበው ግን ቢገልጠውም ቢዘቀዝቀውም ምንም አያገኝበትም። ስለዚህ አንዱ መምህር በመስኮት አንገቱን ብቅ ያደርግና ወደ ጎረቤት ክፍል ይጮሃል፤ «የማያነብ ልጅ ላኪልኝ!» ክፍሉ ይስቃል። የተላከው ልጅም አብሮ ይስቃል፣ ምን ያድርግ።

አሰላ ውስጥ ሳስተምር አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ሰሞን እኔም እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም።

የትምህርት ቤቱ ዋና ወረቀት አድራሽ ሙቢና ከዲሮ ነበረች። አንደኛ ክፍል ስትገባ እግሯ ፈጣን፣ አፏ ዝምተኛ መሆኑ ታየና ተመረጠች። ወረቀቱን ተቀብላ ለአራት ታጥፈዋለች፣ መዳፏ ውስጥ ትጨብጠዋለች፣ ወስዳ ትሰጣለች፣ ተመልሳ ላኪዋ ፊት ቆማ «ደርሷል» ትላለች። ሌላ ቃል የላትም። ጓደኞቿ ሀ ሁ ሲሉ እሷ ኮሪደር ላይ ነበረች። ጓደኞቿ ቃል ሲመሠርቱ የመምህራን ማረፊያ በር ላይ ቆማ መልስ ትጠብቅ ነበር። ሦስተኛ ክፍል ሳለች ይዛው የመጣችው አንድ ወረቀት እጄ ገብቶ ነበር፤ «ሰናይት፣ ይህችን ልጅ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆዪያትልኝ፣ ክፍሌ ሰባ ሁለት ተማሪ ነው፣ አንድም ቢቀንስልኝ» ይላል። ልጅቷ የራሷን መባረር በእጇ ይዛ፣ ጥርሷን ፈገግ አድርጋ ፊቴ ቆማለች። ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩና ግማሽ ሰዓት አቆየኋት። ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

ሦስት ዓመት ከክፍል ሲያስወጧት ከረሙና ካርዷ ላይ «በትምህርቷ ደካማ» ብለው ጻፉባት። አራተኛ ክፍል ስትደርስ የክፍል ኃላፊዋ እኔ ሆንኩ። የመጀመሪያውን መንፈቅ ካርድ የፈረምኩትም እኔ ነኝ።

ዘንድሮ መስከረም ላይ አንድ ፕሮጀክት መጣ። ማንበብ ያልቻሉ ልጆች በትንንሽ ቡድን ተለይተው፣ ከፈረቃቸው በኋላ አንድ አንድ ሰዓት ይማሩ ተባለ። የሦስት ቀን ስልጠና ተሰጠን፤ አብዛኞቹ ባልደረቦቼ ከስልጠናው የሚያስታውሱት ምሳውን ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል የአማርኛ ምድብ ስድስት ልጆች መረጥኩ። ሙቢና አንዷ ነች። የድንች ነጋዴ ልጅ ነች፤ ቤታቸው የሚወራው ኦሮምኛ ነው፤ አባቷ ግን ለንግድ ይጠቅማታል ብለው አማርኛው ምድብ አስገቧት። ክፍል ስንጠይቅ «ቤተ ሙከራ» የሚባለው ተሰጠን። አንድም ብልቃጥ የለበትም። እግር የሌላቸው ወንበሮች ተቆልለውበታል፣ አይጥ አይጥ ይሸታል፣ ጭጋጉ ከጭላሎ ተራራ ሲወርድ በተሰበረው መስታወት ገብቶ አብሮን ይማራል። ቢሆንም የእኛ ነበር።

ማንበብ የማይችል ልጅ ማስመሰል ይችላል፤ ይህን ደግሞ ከእኛ ነው የተማረው። ገጹ ላይ ላም ከተሳለች ጣቱን ጽሑፉ ላይ እየነዳ «ላሟ ሣር ትበላለች» ይልሃል፤ ጽሑፉ የሚያወራው ግን ስለ ወተት ነው። አንዱ ጮክ ብሎ ካነበበ አምስቱ በግማሽ ድምፅ ይከተሉታል፤ ደጅ ቆሞ ለሚሰማ ስድስቱም አንባቢ ናቸው። እኔ ከፓስታ ካርቶን መስኮት ሠራሁላቸው። ካርቶኑ ስዕሉንም ገጹንም ይሸፍናል፤ መሃሉን በምላጭ ቆርጬ ያወጣኋት ቀዳዳ አንዲት ቃል ብቻ ታሳያለች። ልጁ ያቺን ቃል እስኪያነብ መስኮቱ አይነቃነቅም። ጓደኛው አያቀብለውም። እኔም ትንፍሽ አልልም። «ቃል አይነገርም» የቡድናችን ሕግ ነው። አንዳንዴ በአንዲት ቃል ላይ ሻይ ተጥዶ እስኪፈላ ድረስ ቁጭ እንላለን። ጅብሪል የሚባለው ልጅ አንድ ቀን «መሬት» የሚለው ላይ ተቀምጦ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

ሙቢና ፊደሎቹን አንድ በአንድ ትጠራና ዝም ትላለች። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ቆይቶ ቃሉ በአንዴ ይመጣላታል፤ ዓይኗ ይሰፋል፣ ጥርሷ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ራሷን ታፍርና በሻርፗ ጫፍ ፊቷን ትሸፍናለች። ትንሽ ቆይታ ሻርፑን ታወርድና «ቀጥዪ» እንደተባለ ሰው ካርቶኑን ራሷ ወደ ሚቀጥለው ቃል ትገፋዋለች። ያቺን ሳቅ ለማየት ስል ከሥራ ሰዓት በኋላ መቅረት አልከበደኝም።

መምህራን ማረፊያ ገብቼም ተናገርኩ። «ከዛሬ ጀምሮ ሙቢናን ወረቀት አስይዞ የሚልክ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው!» አልኩ። አሰፋች፣ ሦስተኛ ክፍል የምታስተምረው፣ ከሻይዋ ቀና ሳትል «እሺ፣ እንግዲያው ሌላ የማያነብ ፈልጊልን» አለችኝ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እንዲህ ዓይነቱን ሳቅ እጠላለሁ፤ አፍ ሙሉ ዳቦ ይዞ የሚሳቅ ሳቅ። ግን መላኩ ቆመ፤ ቢያንስ እኔ እያየሁ አልላኳትም።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አባቷ ትምህርት ቤት መጡ። ኦቦ ከዲሮ ከጭላሎ ሥር ካሉ ገበሬዎች ድንች እየገዙ አሰላ ገበያ የሚሸጡ፣ ጫማቸው ጭቃ የማይለየው፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ሙቢና ከኋላቸው ቆማለች።

«ባርሲስቱ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ መምህርት ማለታቸው ነው። «እህቴ ዴራ መንገድ ዳር ሻይ ቤት አላት። ልጅ ስጠኝ፣ ዕቃ የሚያጥብልኝ ስጠኝ ትላለች። ሙቢናን ልሰጣት ነው። እርስዎን ሳልነግር አልወስድም ብዬ ነው የመጣሁ።»

«ትምህርቷስ?»

«አራት ዓመት መጣች እኮ! አራት ዓመት! ስልኬ ላይ መልእክት ሲገባ የጎረቤት ልጅ ነው የሚያነብልኝ። እርስዎን አልወቅስም። የልጅቷ ጭንቅላት ካልተቀበለ ምን ይደረጋል?»

ጭንቅላቷ! ኮሪደሩን አሰብኩት። ያንን ኪሴ የከተትኩትን ወረቀት አሰብኩት። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ አፌ የተናገረው ግን ሌላ ነው።

«ታነባለች፣ ኦቦ ከዲሮ። ጀምራለች። ከዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ሐሙስ፣ እንግዶች ይመጣሉ፣ ወላጆችም ይጠራሉ። እርስዎም ይምጡ። ቁጭ ብለው ልጅዎ አንድ ገጽ ስታነብ ይሰሟታል።»

ዞረው ልጃቸውን አዩአት። እሷ መሬት መሬት ታያለች።

«ወላሂ፣ አንድ ገጽ ካነበበችልኝ የትም አትሄድም» አሉ። «ካላነበበች ቅዳሜ አክስቷ መጥታ ትወስዳታለች። ቃሌ ነው።»

«የእኔም ቃል ነው» አልኩ። ማን ጠየቀኝ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙቢና ከሁሉም ቀድማ ቤተ ሙከራው በር ላይ ትገኝ ነበር። ገጹን ራሷ መረጠች፤ ጉድጓድ ውስጥ ስለወደቀች ፍየል የሚያወራውን። እንዳትሸመድደው ብዬ ሌላ ሌላ ገጽ እያፈራረቅኩ አስነበብኳት። ረቡዕ ሲደርስ የትኛውንም አጭር ገጽ ከሰጠኋት ትወጣዋለች፤ ሦስት አራት ቃል ላይ ትቆማለች፣ ታስባለች፣ ትሻገራለች። ታነባለች ማለት ነው። ሌላ ስም የለውም።

ረቡዕ ከሰዓት ርዕሰ መምህራችን ግዛቸው ቢሮው ጠራኝ። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን ይቅርብኝ። ጠረጴዛው ላይ ሻይ ቀርቦለታል፤ ለእኔም አስቀዳልኝ። ሻይ ሲያስቀዳልህ ጉዳይ አለው።

«ነገ የንባብ ቡድንሽን እናሳያለን» አለኝ።

«ዝግጁ ናቸው።»

«የአንቺዎቹን ማለቴ አይደለም» ብሎ ስድስት ስም የተጻፈበት ወረቀት ገፋልኝ። የክፍሉን ደረጃ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ የያዙት ልጆች ናቸው። ከላይ ለሊሳ አለ። «እነዚህ መስከረም ላይ ፊደል አይለዩም ነበር እንላለን።»

«አቶ ግዛቸው፣ ለሊሳ እኮ ጋዜጣ ያነባል!»

«ነግሬዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ይደናቀፋል፣ ከዚያ እየተስተካከለ ይሄዳል። ትናንትና ዛሬ ሳለማምዳቸው ነው የዋልኩት።»

ይህን ሰው ልብ በሉልኝ። ስድስት ጎበዝ አንባቢዎች ሰብስቦ መንተባተብ ሲያስተምር ውሏል። በርዕሰ መምህርነት ዘመኑ ሁሉ ንባብ አስተማረ ሲባል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው፤ እሱንም ወደ ኋላ። ሻዩን ጠረጴዛው ላይ መለስኩት።

«አይሆንም» አልኩ።

«የአንቺ ልጆች በደቂቃ ስንት ቃል ያነባሉ?» አለኝ በእርጋታ። «እንግዶቹ ሰዓት ይዘው ነው የሚመጡት። ቁጥሩ ካላማረ ፕሮጀክቱ ይነሳል። መጽሐፉ ይመለሳል፣ ክፍሉን ለዕቃ ማስቀመጫ እፈልገዋለሁ። ለከርሞ ስድስት ልጅ ቀርቶ አንድም አይኖርሽም። አንድ ቀን ነው፣ ሰናይት። አንድ ጠዋት።»

«የሙቢና አባት ይመጣሉ። እሷን ሊሰሙ ነው የሚመጡት። ካላነበበች ልጅቷን ዴራ ይሰዷታል።»

«ታማለች እንላቸዋለን። ሌላ ቀን ታነብላቸዋለች።»

ተነስቼ መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም። ሻዩ እንኳ ሳይቀዘቅዝ እሺ አልኩ። ለሚመጡት ልጆች ስል ነው ብዬ ራሴን ደለልኩ፤ አርብ አባቷን ገበያ ድረስ ሄጄ አመጣቸዋለሁ፣ ለብቻቸው ታነብላቸዋለች ብዬ ደለልኩ። ካወራሁ አይቀር እውነቱን ላውራው። ሙቢና ሰው ፊት፣ አባቷ ፊት ቆማ ገጹን ትወጣዋለች ብዬ አላመንኩም። ስምንት ወር ጎኗ ተቀምጬ ያስተማርኳት፣ ታነባለች ብዬ ቃል የገባሁት እኔ አላመንኳትም። የግዛቸው ወረቀት የልቤን ነው ያደረሰልኝ። ከእሱ የባሰ ያስጠላኝ ይሄ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ግቢው ቀለም ቀለም ይሸታል። የመንገዱ ዳር ድንጋዮች ኖራ ተቀብተዋል። ሽንት ቤቱን ማጽዳት ስላልተቻለ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል፤ ልጆቹ ከጀርባው ይጸዳዳሉ። በሩ ላይ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ባነር ተወጥሯል፤ ነፋስ ሲያነሳው ሽታውም አብሮ ይመጣል።

ስድስቱ ልጆቼ ፊታቸውን ታጥበው፣ ቅባት ተቀብተው ቤተ ሙከራው በር ላይ ተሰልፈው ጠበቁኝ። ሙቢና አዲስ ሻርፕ አድርጋለች፤ አረንጓዴ። መጽሐፏ ውስጥ የፍየሏ ገጽ ላይ ስንደዶ አስገብታለች። «በር ላይ አትቁሙ፣ ወደ ግድግዳው ጥግ ሂዱ፣ እጠራችኋለሁ» አልኳቸው። አምስቱ ሄደው ጠጠር መጫወት ጀመሩ። ሙቢና ሄዳ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

ግዛቸው እየተጣደፈ ደረሰ። ከረባቱ አንገቱን አንቆታል። «መኪናው መታጠፊያው ላይ ነው! እነዚህ ምን ይሠራሉ እዚህ? ለዘበኛው ለኢርሻድ ጻፊለት፣ እቃ ቤቱ ጋ ያቆያቸው። ስማቸውን ጻፊ፣ ሽማግሌው ተሳስቶ እነ ለሊሳን እንዳይወስድብን። ምክንያቱንም ጻፊለት፣ አለዚያ መቶ ጥያቄ ይዞ ይመጣል።» ይህን ብሎኝ ወደ በሩ ሮጠ።

ከደብተር ገጽ ቀደድኩ። የስድስቱን ስም ጻፍኩ፣ ሙቢናን ከላይ። ከሥሩ፤ «ጋሽ ኢርሻድ፣ እንግዶቹ እስኪሄዱ እቃ ቤቱ ጋ ያቆዩልን። ማንበብ አይችሉም። ያሳፍሩናል።» ጽሑፌ ቆንጆ ነው፤ ሰሌዳ ላይ እንደምጽፈው ጉልህ አድርጌ ነው የምጽፈው።

ቀና ስል ሙቢና በሩ ላይ ናት። እጄ በልማድ ተዘረጋ። እሷም በልማድ ተቀበለችኝ፤ ለአራት አጠፈችው፣ መዳፏ ውስጥ ጨበጠችው። የማያነብ ልጅ ላኪልኝ ያለኝ ሰው አልነበረም። ራሴ ነኝ የመረጥኳት።

«ለጋሽ ኢርሻድ» አልኳት።

«እሺ ቲቸር። ከዚያ መጥቼ አነባለሁ?»

«አዎ» አልኩ።

እንግዶቹ ሦስት ናቸው። ከፊት ተቀመጡ፤ ከኋላቸው ወላጆች፣ ከወላጆች ኋላ ሥራ የፈቱ መምህራን። ለስላሳና ብስኩት ዞረ። ለሊሳ ተነሳ። መጽሐፉን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ ግንባሩን ቋጠረ፣ «በ… በአን… በአንድ ወቅት» አለ። ትንሽ እንኳ ያላበው መሰለኝ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ፈጠነ፣ ሦስተኛው ላይ እንደ ዜና አንባቢ ተንቆረቆረ። እንግዶቹ ሰዓታቸውን አዩ፣ ጻፉ፣ ተያዩ፣ አጨበጨቡ። ግዛቸው እንባ ያቀረረ መስሎ መነጽሩን ጠረገ። አሰፋች ከኋላ ዳቦ ስትነክስ ከምትስቀው የባሰ አጨበጨበች። ሌሎቹ አምስቱም በየተራ ተንተባትበው፣ በየተራ ተፈወሱ።

ከእንግዶቹ አንዷ ወደ እኔ ዘወር ብላ «በምን ዘዴ ነው እዚህ ያደረሻቸው?» አለችኝ። መስኮቱን ከኪሴ አወጣሁ። «ይቺ ናት?» ብላ በስልኳ ፎቶ አነሳችው፤ «ግሩም ፈጠራ ነው!» አለችኝ። እኔም ፈገግ አልኩ። እንዲህ ያለ ቆሻሻ ፈገግታ ፊቴ ላይ ኖሮ አያውቅም። በእነዚያ ልጆች ጣት ወዝ ጠርዙ የጠቆረውን ካርቶን፣ አንድ ቀን ነክተውት ለማያውቁ ልጆች ምስክር አድርጌ አቀረብኩት።

በየመሃሉ በሩን አይ ነበር። ኦቦ ከዲሮ አልመጡም። ወንበራቸው ባዶ ነው። እፎይ አልኩ። እፎይ ማለቴ አስጠላኝ፣ ግን አልኩ።

ሲያበቃ ለሊሳ ቀሚሴን ሳብ አደረገኝ። የአሥር ዓመት ልጅ ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ጥፋት የለበትም።

«ቲቸር፣ ጥሩ ተደናቀፍኩ?» አለኝ።

ራሱን ዳበስ አድርጌው ወጣሁ።

ወደ በሩ ስወርድ አምስቱ ልጆቼ አሁንም ጥጉ ላይ ጠጠር ይጫወታሉ። እቃ ቤት ያቆያቸው የለም። ኦቦ ከዲሮ የዘበኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ድንች የሚያመጣላቸው መኪና ዘግይቶባቸው እሳቸውም ዘግይተዋል። ሙቢና አጠገባቸው ቆማለች። ወረቀቱ በእጇ ነው፤ ተዘርግቷል።

ጋሽ ኢርሻድ ሲያዩኝ ከተቀመጡበት ተነሱ። «መነጽሬ እንደተሰበረ ታውቂያለሽ፣ ልጄ። ሌላ ጊዜ የምትልኩልኝን አሰፋች ናት የምታነብልኝ፤ ዛሬ ሁላችሁም እንግዳ ላይ ናችሁ። ለቀልድ፣ ወላሂ ለቀልድ፣ ‹እስቲ አንቺው አንብቢልኝ› አልኳት። ከዲሮም ያኔ ገባ።» እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «አነበበችው!»

ኦቦ ከዲሮ ቀስ ብለው ቆሙ። እስከዚያች ቀን እርስዎ ሲሉኝ ነው የኖሩት።

«ባርሲስቱ፣ ይሄን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሰው ነግሯት ይሆናል ብዬ ሁለቴ አስነበብኳት። ከታች ወደ ላይ፣ ከመሃል፣ ጣቴ ባረፈበት አስነበብኳት። ስሟን አነበበች። የጓደኞቿን ስም አነበበች። ‹ማንበብ አይችሉም› የሚለውን አነበበች።» ድምፃቸው ተሰበረ፤ ከደስታ ይሁን ከንዴት እሳቸውም የለዩት አይመስለኝም። «ልጄ አነበበች።»

«ኦቦ ከዲሮ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ…»

«ቃሌ ቃል ነው» አሉኝ አቋርጠው። «ዴራ አትሄድም። ትማራለች። አንቺ ጋ ግን አትማርም። ሰኞ መሸኛዋን አዘጋጂልኝ፣ ሌላ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ።»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«አንዲት ቃል ቀርታታለች» አሉ ወረቀቱን እያመለከቱ። «መጨረሻዋን። ‹ዱቢሲ፣ አንብቢ› ብላት እምቢ አለቻት። እኔ አላውቃት፣ ኢርሻድ አያያት። ‹ቲቸር ስትመጣ እንሠራታለን› ብላ ስትጠብቅሽ ነበር።»

ሙቢና ቀረበችኝ። ወረቀቱን በሁለት እጇ ዘርግታ ይዛዋለች። ፊቷ ላይ ቅያሜ ፈለግሁ፤ የለም። ያለው ኩራት ነው።

«ቲቸር፣ እዚህ ጋ ተሳስተዋል» አለችኝ በጣቷ እያሳየች፤ ስህተት ስታገኝብኝ የመጀመሪያዋ ነው። «‹አይችሉም› ይላል። እኔ እችላለሁ። ለአባባ አነበብኩለት። ይቺን ግን አቃተችኝ።»

ሌላ ቃል ልነግራት እችል ነበር። «ያግዙናል» ብላት ታምነኛለች፤ አባቷም ጋሽ ኢርሻድም ያምኑኛል። ምላሴ ላይ መጥታ ነበር። ሙቢና ግን እጇን ዘርግታ መስኮቱን ከእጄ ወሰደችው፤ አግዳሚው ላይ ወረቀቱን አስተካክላ አነጠፈች፣ ካርቶኑን ቃሉ ላይ አሳረፈች፣ ቀና ብላ አየችኝ። ቃል አይነገርም። ሕጉን የሠራሁት እኔ ነኝ።

«ያ» አለች። «ሳ። ፍ። ሩ። ና። ል።»

ዝም አለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጋሽ ኢርሻድ አንገታቸውን አስግገዋል። እኔ ቃሉ እንዳይመጣላት ስጸልይ ራሴን ያዝኩት፤ ለአንድ ልጅ እንዲህ ያለ ጸሎት የጸለየች መምህርት ከእኔ ሌላ ያለች አይመስለኝም።

መጣላት። ዓይኗ ሰፋ። ጥርሷ ብቅ አለ።

«ያሳፍሩናል!» አለች ጮክ ብላ፣ እንደ ልማዷ በአረንጓዴው ሻርፕ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች።

ጠበቅኩ። ሻርፑ አልወረደም።

አባቷ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ሙቢና በአንድ እጇ ሻርፗን እንደያዘች በሌላው ወረቀቱን ከአግዳሚው አነሳች። ደረቷ ላይ አስደግፋ ለአራት አጠፈችው። መዳፏ ውስጥ ጨበጠችው፣ ሁለት እርምጃ ወደ እኔ መጣች፣ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ደርሷል» አለችኝ።